ደሞዝ የሌላት ቀን

መታወቂያዬ ላይ የተወለድኩት መስከረም አንድ ነው፤
ቀኑን አላውቀውም ስለው፣ የቀበሌው ጸሐፊ የሰጠኝ ነው።
እናቴ የምታውቀው ግን ሌላ፦
«አቃቂ ወንዝ የጎረቤትን በሬ የወሰደ ለት፣ ከሰዓት በኋላ።»

ስለዚህ ሃምሳዬን በቀን ሳይሆን በዓመት አከበርኩት፤
የባንክ ካላንደር ጀርባ ላይ ሰባት ነገር ጽፌ
ቁም ሳጥኑ በር ውስጥ በፕላስተር ለጠፍኩት።
ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆርጥ፣
የሌላውን ፌርማታ ስጠራ፣ የራሴን ሳልመርጥ፣
እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ
አንድ ዓመት ለራሴ ቆረጥኩ።

አንደኛ፣ የፊት ጥርሴ። ተተከለ።
አሁን ስስቅ አፌን በነጠላ አልሸፍንም፤
እጄ ግን እስካሁን ይነሣል፣ ልማዱን አልተወም።

ሁለተኛ፣ የማታ ትምህርት፣ ስምንተኛ ክፍል።
ሒሳብ ሁለቴ ጣለኝ። በሦስተኛው አርባ ዘጠኝ ከግማሽ አመጣሁ።
መምህር ጌትዬ ቀይ እስክሪብቶውን አሽከርክሮ
«ግማሿ የዕድሜዎ ስጦታ ትሁን» አለኝ፣ አቀርቅሮ።

ሦስተኛው የረር ነበር፣ በመስኮቴ የሚያየኝ ተራራ።
በጥር ወጣሁት፣ ከላይ ቤት ከአቶ ድሪባ ጋራ።
ጫፉ ላይ ቆሜ ብሎኬን ፈለግኩ፤
ሁሉም አንድ ቁመት፣ ግራጫ የለበሰ የተማሪ ሰልፍ መሰለኝ፤
የገዛ ቤቴን ከሩቅ መለየት አቃተኝ።

አራተኛው መዋኘት ይላል።
ቢሾፍቱ ድረስ ሄጄ፣ ውሃውን አይቼ፣ ዓሣ በልቼ ተመለስኩ።
ሰረዝኩት። እንዲህም ይፈጸማል።

አምስተኛ፣ ብስክሌት።
አስተማሪዬ የምድር ቤቷ ሌንሳ ናት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ።
አስፋልት ሊሆን ኮረት ሆኖ በቀረው መንገድ ኮርቻዬን ይዛ
«ወደ ታች አይዩ! ወደ ታች ያየ ይወድቃል!» ትላለች በቁጣ፤
አየሁ፣ ወደቅሁ። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ለጭብጨባ ወጣ።
በሚያዝያ ግን አንድ ምሽት፣ ከብሎክ ሃያ ሁለት እስከ ጀነሬተሩ፣
ማንም ሳይዘኝ ሄድኩ።
ማቆም አልተማርኩም ነበርና፣ ያቆመኝ አጥሩ።

ስድስተኛው የቤቱ ዕዳ ነው፤ እሱን ለባንኩና ለኔ ተዉልን።

ሰባተኛው ብቻ ቀረ፣ ከሁሉ ያነሰው፦
«አንድ ሙሉ ቀን፣ ምንም ሳልሠራ።»
ዓመቱን ሙሉ ሞከርኩ። እሑድን አጠባ በላው፣ ቅዳሜን ለቅሶ፤
ቁጭ ማለቴን ሲያይ ሥራ ይመጣል ተመልሶ።

ዘመኑ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜ አንድ ቀን ጨመረች፤
ከደሞዝም ከኪራይም ሒሳብ ውጭ የሆነች፣
እንደ ትርፍ ወንበር ባዶዋን የቀረች።
ነገ ሃምሳ አንድ ነኝ፣ እንደ ጸሐፊው።
በርጩማዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል፤
እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፤
የረር ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል።

አራት ሰዓት ላይ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ውሃ መጣ።
የግቢው ቧንቧ ሲያስነጥስ ብሎኩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ወጣ፤
ደረጃው ተናጠ። እግሬም ሳላዝዘው ተነሣ።

በሬ ተንኳኳ። ሌንሳ።
«የእርስዎን እኔ ልቅዳልዎት?»
«አይ፣ ራሴ» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ቃሉ አዲሱ ጥርሴ ጋ ሲደርስ ቆመ።
ቢጫውን ጀሪካን ሰጠኋት። ከየረር ይህ ከበደኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።
ታች የጀሪካን ግጭት፣ ጠብ፣ ሳቅ፤
እጆቼ ግን አላረፉም፤ አንዱ ቀሚሴን ያቃናል፣
አንዱ የሚቆርጠው ወረቀት ይፈልጋል።
ጉልበቴ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣
ትኬት ሳይቆርጡ እንደተሳፈሩ ሁለት መንገደኞች፤
አየኋቸው።
እስከ መጨረሻው ፌርማታ ዝም አልኳቸው።